ጦጣዋን ማን ይጠይቃታል?

ቅዳሜ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አሳ ልበላ ሄጄ ጦጣ ዘረፈችኝ። ፌስታሌ ውስጥ 3 ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ ሙዝና የማንበቢያ መነጽሬ ነበሩ። አጠገቤ አስቀምጬው የቆሮሶውን እሾህ ስለቅም፣ ከየት መጣች ሳልል ላፍ አድርጋው ዛፍ ላይ ወጣች።

"ጋሼ፣ እዚህ ቦታ ፌስታል እንዲህ ይቀመጣል?" አለኝ አስተናጋጁ።

ልጅ ያዘለች ሴት "ሙዝ ይዞ ጦጣ መሃል!" ብላ ሳቀች። ጦጣዋን የወቀሰ የለም። እሷ ላይ ሆና ሙዜን ትልጣለች፣ እኔ ታች ሆኜ ፍርድ እሰማለሁ።

ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ደግሞ ዳጣውን በጣታቸው እየጠረጉ "በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ብለው አረፉት። አሞራ ገደል ተቀምጦ ገደል መጥራት! ይሄን ተረት ድሮም አልወደውም። በሬ ሳር ካልበላ ምን ይብላ? ሽሮ? ገደል አፋፍ ላይ ለቆት የተኛው እረኛስ የት ሄደ? ስንት ዘመን ሙሉ በሬው ብቻ ሲወቀስ ይኖራል።

እኔ የምወደው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚለውን ነው። አህያ ይራገጣል፣ ዳውላ አይራገጥም። ዱላ የያዘ ሰው ማንን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ባጃጅ ሳይመጣ፣ በፈረስ ጋሪ በምንሄድበት ዘመን፣ ጋሪው ሲገለበጥ እንኳ "ለምን ወደ ኋላ ተቀመጥክ?" የሚባለው ተሳፋሪው ነበር። ፈረሱም ባለጋሪውም ይራገጣሉ መሰለኝ።

የጫማዬ ነገር ደግሞ አለ። የንግሥ ዕለት ደጅ አውልቄው ገባሁ፣ ስወጣ የለም። በካልሲ ቤቴ ስደርስ የሚስቴ ወንድም ቡናውን ፉት ብሎ "አዲስ ጫማ አድርጎ ንግሥ የሚሄድ ማነው?" አለኝ። ይሄ ከሆነ 11 ዓመት አለፈ። ሌባውን ይቅር ብዬዋለሁ፣ እሱን ግን ገና ነኝ።

የኢዮብ ወዳጆችም ያው ናቸው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድም ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ተቀመጡ። ለቅሶ መድረስ ማለት ይሄ ነው! ምነው እንደዚያው ዝም ባሉ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን "ምን በድለህ ነው?" ሆነ።

ሳቁ እዚህ ላይ ይቁም። ባለፈው ወር አንዲት የጎረቤት ልጅ በሞተር የመጡ ሁለት ሰዎች ቦርሳዋን መንትፈው አስፋልት ላይ ጎተቷት። ጉልበቷ ላይ ጠጠር ተሰክቶ፣ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ግቢ ገባች። የመጀመሪያው ጥያቄ "በዚህ ሰዓት ከየት ነው የምትመጪው?" ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል! ከሥራ ነዋ! ሁለተኛው ደግሞ "ምን ለብሰሽ ነበር?" የሚል። ፊታቸው ቆማለች እኮ! ውሃ ያቀረበላት የለም። እውነቱን ልናገርና እኔም "ቦርሳ በግድግዳው በኩል ነው የሚያዘው" ብያታለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። አሁንም ድረስ በር ላይ ስንገናኝ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

ሜልቪን ለርነርና ካሮሊን ሲሞንስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተማሪዎች አንዲት ሴት ስትሳሳት በኤሌክትሪክ ስትነዘር እንዲያዩ ተደረገ። ንዝረቱ የውሸት ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም። ስቃዩዋን ማስቆም የቻሉት አልጠሏትም። እንደሚቀጥል የተነገራቸው ግን ሴትዮዋን ራሷን ማጣጣል ጀመሩ። ያለ ጥፋቷ ከሆነማ ነገ በእኛም ሊመጣ ነዋ! እኔም ያን ማታ የተናገርኩት ለልጅቷ አይመስለኝም፤ ቦርሳ የምትይዝ ሴት ልጅ አለችኝ።

ጦጣዋን ረሳኋት። ዳቦው አልቆ መነጽሩን ከነቤቱ ነክሳ ጣለችው። የግራው መስታወት ተሰንጥቋል። ቤት ስገባ ባለቤቴ "ኪስህ ውስጥ አታደርገውም ነበር?" አለችኝ። ከወንድሟ ጋር አንድ ቤት ነው ያደጉት። እንግዲህ ይሄን የምጽፈው በአንድ ዓይን ነው፤ ፊደል ከገደፍኩ ጦጣዋን ጠይቁ።