ለሾፌሩ የእረፍት ሕግ፣ ለልጁ የእንቅልፍ ሽሮፕ

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ የተላለፈውን የወላጆች ውይይት በቀጥታ ያልሰማ ሰው ቢኖር እንኳ ቅንጭቡ በስልኩ ሳይደርሰው አልቀረም። እንግዳው ሦስት ነገር አሉ። አንደኛ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይዞ ረጅም መንገድ መውጣት ትርፉ ድካም ነው፤ ልጁ እንደሆነ አያስታውሰውም። ሁለተኛ፣ ግድ ከሆነ ሌሊት ተነስቶ፣ የትም ሳይቆሙ ገስግሶ መድረስ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ካስቸገረ «ትንሽ የሚያስተኛ ሽሮፕ» ምንም አይለውም። አዘጋጁ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

«አያስታውሰውም» ከምትለው እንጀምር፤ ከሦስቱ ሁሉ ደካማዋ እሷ ናትና። እርግጥ ነው፣ ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሆነውን ነገር አድጎ አያስታውስም ማለት ይቻላል። ታዲያ ምን ይጠበስ? አፍ የፈታበትን ቀንም አያስታውስም፤ ቋንቋው ግን አብሮት አለ። በእንግዳው ስሌት ከሄድን ለሁለት ዓመት ልጅ ተረት ማውራትም ኪሳራ ነው፤ ማቀፍም እንዲሁ። ደግሞስ ቤተሰብ መንገድ የሚወጣው ለትዝታ ብቻ ነው ያላቸው ማን ነው? አያት ታመው ነው፣ ሥራ ተቀይሮ ነው፣ ሠርግ ተጠርቶ ነው፣ ዘመድ ሞቶ ነው። ልጁን ለማን ይተዉት? ይህን የሚጠይቅ አዘጋጅ አልነበረም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሁለተኛው ምክር ነው፤ የትም ሳይቆሙ መድረስ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው ደንብ የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። የአሜሪካው ሕግም ለጭነት መኪና ሾፌር ከ8 ሰዓት መንዳት በኋላ የ30 ደቂቃ እረፍት ያዝዛል። ልብ በሉ፣ ይህ ሾፌር ሙሉ ሰው ነው። ደመወዝ ይከፈለዋል። ወንበሩን እንዳሻው ያስተካክላል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ሬዲዮ ይቀይራል፣ ሲመረው ዳር ይዞ ይቆማል። እንዲያም ሆኖ ሕጉ አላመነውም፤ «እረፍ» ብሎ አዘዘው። የኋላ ወንበር ላይ ያለው የሁለት ዓመት ልጅስ? ትከሻውም ወገቡም በቀበቶ ተይዟል፣ እግሩ መሬት አይነካም፣ ፊቱ ያለው የሰው ወንበር ጀርባ ነው። ሦስት ሰዓት ቀረን ቢሉት ሦስት ሰዓት ምን እንደሆነ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ልጅ ግማሽ ቀን አስሮ ውሎ «ይህ ልጅ አስቸጋሪ ነው» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

አስቸጋሪውማ ሌላ ነው። አስቸጋሪው ጋቢና ተቀምጦ በየአስር ደቂቃው ስልኩ ላይ የመድረሻ ሰዓት የሚያየው፣ አምስት ደቂቃ ሲጨመርበት ፊቱን የሚያጠቁረው፣ ሽንት መጣ ሲሉት «ቅድም ለምን አልተናገርክም» የሚለው ሰው ነው። ቅድም አልመጣማ! ከትንሽ ልጅ ጋር የሚሄዱበትን መንገድ በኪሎ ሜትር የሚለካ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተሳስቷል። መለኪያው ማቆሚያ ነው። የሕፃናት ሐኪሞች ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ ልጁን ከመቀመጫው አውጡት የሚሉት ለቅንጦት አይደለም። የጨቅላ አንገት ገና አልጸናም፤ በልጅ መቀመጫ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ያዘነብልና የአየር መተላለፊያው ይጠባል። ከፍ ያለው ደግሞ መሮጥ አለበት። ሃያ ደቂቃ ጥላ ሥር የሮጠ ልጅ ቀጣዩን ሰዓት ተኝቶ ይሄድላችኋል፤ ያልሮጠው ይጮኻል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ አንድ ልጅ ይበቃል።

አለመቆም የት እንደሚያደርስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብቻ አናወራውም። ልጁ ያለቅሳል፣ ሾፌሩ አይቆምም፣ እናት አንጀቷ አይችልም፣ ቀበቶው ይፈታል፣ ልጁ ጭን ላይ ይወጣል። «ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው» ይባላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲበር የነበረ መኪና ተጋጭቶ ሲቆም ያልታሰረ ሰው የሚወረወርበት ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ የወደቀ ሰው መሬት ከሚነካበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ልጇን ታቅፋ የምትዘል እናት የለችም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እንደሚለው የልጅ መቀመጫ በመኪና አደጋ የመሞትን ዕድል ከአንድ ዓመት በታች ላሉት በ71 በመቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉት በ54 በመቶ ይቀንሳል። ያ ሁሉ ጥቅም ለአሥር ደቂቃ ቆሞ መውረድ ስላልፈለግን ይጣላል። ጥፋተኛው ማን ይሁን? ያለቀሰው ልጅ!

ሌሊቱስ? ልጁ ይተኛል፣ እውነት ነው። ሾፌሩም ይተኛል፤ ችግሩ እሱ ነው። እንቅልፍ የሰውን ሰውነት ከምንም ጊዜ በላይ የሚጫነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ሌሊት መሪ የሚጨብጥ አባት 17 ሰዓት ሳይተኛ ከቆየ ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ብዙ አገሮች ከዚህ መጠን በላይ ጠጥቶ መንዳትን በሕግ ይከለክላሉ። እንግዳው ግን ይህን ሰው ልጆቹን ከኋላ ጭኖ እንዲገሰግስ መከሩት።

ሽሮፑ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። «የሚያስተኛ» የሚባሉት አብዛኞቹ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው፤ እንቅልፉ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ነው። ከእነሱ አንዱ የሆነውን ፕሮሜታዚንን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው ትንፋሽ እስከ ማቆም ስለሚያደርስ ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ሲወስደው በመተኛት ፈንታ ይቅበጠበጣል፤ ያኔ እንግዳው ምን ያዝዙ ይሆን? ሁለተኛ ማንኪያ? መንገድ ላይ የሚያስመልሰው ልጅ እንዳለ አልክድም፤ ለእሱ መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙ ያዝለታል፣ የሬዲዮ እንግዳ አይደለም። (ፊልም የሚያይበት ታብሌት ስጡት የምትሉም ቆም በሉ። ጆሮው እየሄድኩ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ ቆሜያለሁ ሲል ነው ሆድ የሚገለበጠው። ስክሪን ላይ ያጎነበሰ ልጅ ይህን በእጥፍ ያገኘዋል።)

በሕዝብ አውቶቡስ የሚሄድ ወላጅ የት እንደሚቆም አይወስንም የሚሉኝ ይኖራሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ምክሩ ለወላጁ ሳይሆን ለአውቶቡስ ባለንብረቶች ይሁን። መጸዳጃ ባለበት ቦታ ይቁሙ፣ የት የትና ለስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ ትኬቱ ላይ ይጻፉ፣ ሕፃን የያዘ ሰው ሳይለምንና ሳይሳቀቅ ይውረድ። የራሱ መኪና ያለው ግን ምንም ሰበብ የለውም። ፍሬኑ እግሩ ሥር ነው።