ክርክር፦ ለማንኛውም ሕመም የመጣ አዋቂ ሁሉ ኤች አይ ቪ ይመርመር?

ነርሷ፦ ይመርመር። «አልፈልግም» ያለ ይተው፤ ዝም ያለ ግን ከሌላው የደም ምርመራ ጋር አብሮ ይታይለት። በተመላላሽ ክፍል የሚያንገበግበኝ ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ለሳል ደጋግሞ መድኃኒት ተጽፎለት የሄደ፣ ቲቢ ጥሎት በቃሬዛ ይመለሳል፤ ያኔ ነው ደሙ የሚታየው። ነፍሰ ጡሯን በክትትሏ እንመረምራለን። ባሏስ መቼ ይመርመር? የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ሲዲፎር (በሽታ ተከላካይ የደም ሕዋስ) እስኪወርድ መጠበቅም ቀርቷል። ምርመራው ከጣት ጠብታ ደም ነው። ከስኳር ምርመራ በምን ይለያል?

መምህሩ፦ ሲስተር፣ «ከስኳር በምን ይለያል» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ስኳር አለብህ የተባለን ሰው አከራዩ ቤት ልቀቅ አይለውም። እህቴ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር እንጀራ ትሸጣለች። ለሆድ ሕመም አንድ ጤና ተቋም ሄዳ፣ ካርዷን የያዘው ሠራተኛ ተራ ጠባቂው መሃል ስሟን ጠርቶ «የኤች አይ ቪውን እዚያ ተመርመሪ» አላት። ጎረቤታችን ትሰማለች። በሳምንቱ ደንበኞቿ ቀሩ። ውጤቷ ነጻ ነበር፤ ማን ጠየቃት? ደግሞስ «ዝም ያለ» ምን ማለት ነው? ከዘጌ ጣናን በጀልባ የተሻገረ ገበሬ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «አልፈልግም» ይላል?

ነርሷ፦ በእህትዎ ላይ የተደረገው ነውር ነው። እኔ ግን ስለ ሕክምናው ነው ያነጻጸርኩት። መድኃኒቱን በየቀኑ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። አሁን ለይተን የምንመረምረው «ከአንድ በላይ ጓደኛ አለሽ?» እያልን ነው። ሴቲቱን የሚያሳፍራት ይህ አይደለም? ሁሉም ከተመረመረ ማን ተለይቶ ይታማል?

መምህሩ፦ አሁንም ስኳሩን አልመለሱልኝም። ደግሞ ቫይረሱ ጥቂት ሰው ላይ ባለበት አገር ሁሉም ሲመረመር፣ «አለበት» ከሚለው የመጀመሪያ ውጤት ውስጥ የስህተቱ ድርሻ ይበዛል።

ነርሷ፦ ለዚህ እኮ ነው በአንድ መመርመሪያ ለማንም «አለብህ» የማንለው! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ሦስት ተከታታይ ውጤት ይመሳከር ብሏል። የሃያ ዓመት ሥራዬን በአንድ የስኳር ቃል ይመዝኑታል?

መምህሩ፦ ሥራዎን አልነካሁም። ሁለተኛው መመርመሪያ ሲጨመር ግን «ቆይ፣ እንድገምልሽ» የሚባለው የት ቆሞ ነው? ሰው በተሰበሰበበት ከሆነ ምስጢሩ ወጣ።

ነርሷ፦ እንግዲያው ክርክርዎ ከምርመራው ጋር ሳይሆን ከክፍሉ ጋር ነዋ! የሚዘጋ በር ቢኖር ይስማማሉ?

መምህሩ፦ በር ተዘግቶ፣ «ልመርምርህ ወይ?» ተብሎ፣ መልሱ ከአፉ ከተሰማ እስማማለሁ። ዝምታው ግን አይቆጠር።

ነርሷ፦ መጠየቁን እጠይቃለሁ። በር ግን የለንም፤ መጋረጃ ነው ያለን። በር እስኪሠራ ሰውየው ቲቢ ይዞት ይምጣ? ነገም በመጋረጃው ጀርባ እጠይቀዋለሁ።

መምህሩ፦ እህቴን ይዤ ተራ ስጠብቅ፣ በዚያ መጋረጃ ጀርባ የሚባለውን ሁሉ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።