የጠየመ ፊት

ሰሞኑን ሰዓት አስሮ ሰዓት የማያውቅ ሰው በዝቶብኛል። ስንት ሰዓት ሆነ ስትለው ኪሱ ገብቶ ስልኩን ያወጣል። «የእጄስ አይሠራም፤ ዕቃው እንዳይበላ ሆን ብዬ ነው የማልሞላው» ይልሃል። እሺ፣ ይሁንለት። የሚያናድደው ቀጥሎ ክንዱን ዓይንህ ሥር ደቅኖ «ቡኒነቱን አየህልኝ?» ሲል ነው።

አየንለት። ድሮ ጥቁር የነበረ ዲያል (የሰዓቱ ፊት) ነው። ቀለሙ ፀሐይ አልቻለም፤ እየጠየመ እየጠየመ ቡኒ ሆነ። በግልጽ አማርኛ የፋብሪካ ጉድለት ነው። የአሮጌ ሰዓት ሰብሳቢዎቹ ግን «ትሮፒካል» አሉት፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ሮሌክሶች ላይ ደግሞ ቫርኒሹ ተሰነጣጥቆ ድር ይመስላል። እሱም «ስፓይደር» ተብሎ ይሞካሻል። በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ትሪቲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር በ12 ዓመት ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ውሎ አድሮ ብርሃኑ ይጠፋል፣ ቀለሙም ቢጫ ይሆናል። ይሄን ሁሉ ጠቅልለው «ፓቲና» ይሉታል፣ እየተንሰፈሰፉ።

እኔ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። ስንቱን ሽማግሌ አደብ አስገዝታለች! ሰዓት ላይ ስትደርስ ግን ትገለበጣለች፤ እርጅናው ራሱ አምባር ሆኖ ቁጭ። አንድ ወዳጄ የሰዓቱን ፊት ማንም እንዳያድስበት ይገዘታል። የገዛ ጢሙን ግን በየሳምንቱ ቀለም እየቀባ ያጠቁራል።

እዚህ ላይ የቆየ ቂሜ ተነሳ። መጽሐፍ ያዋስኩት ሰው ሽፋኑ ላይ የብርጭቆ ክብ አትሞ፣ ገጹን ፀሐይ አስመትቶ መለሰልኝ። ይቅርታ እንኳ አላለም። «ዕድሜ ጠገብ አስመሰልኩልህ» አለ፣ እየሳቀ! ያ ሰው ሰዓት ነጋዴ ቢሆን ይህን ጊዜ ከብሮ ነበር። እስካሁን ሰላም የምለው በግማሽ አፌ ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ዋጋው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጄኔቫ ላይ ፊቱ የጠየመ አንድ ኦሜጋ ስፒድማስተር በጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የገዛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ሠሪው ኩባንያ ኦሜጋ፣ ለሙዚየሙ! በ2023 ጉዱ ፈላ። ሰዓቱ ከየቦታው በተለቃቀመ ዕቃ የተገጣጠመ ነው ተባለ። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እጅ እንዳለበትም ኩባንያው ራሱ ተናገረ። ሠሪው የተሸወደበትን እኛ በማጉያ መነጽር ልንለየው ነው? አሁንማ ደህናውን ዲያል ምድጃ ውስጥ ከትተው የሚያስረጁም አሉ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሌብነት ነው። ጉድለትን በወርቅ የሚገዛ እስካለ ድረስ ግን ጉድለት አምራች አይጠፋም፤ እኔ በገዢውም አልፈርድም ማለት አልችልም።

ለማንኛውም የጠየመም የተሰነጠቀም እሰሩ፣ መብታችሁ ነው። ብቻ ሙሉት። ቀጠሮ ላይ ገትራችሁኝ የዘገያችሁትን «ፓቲና» እንዳትሉብኝ።