ኢንተርን ሳለሁ ያላየሁት ትራስ

የአራተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ ለኢንተርንሽፕ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ደረሰኝ። የድጋፍ ደብዳቤዬን በክላሴር ይዤ በር ላይ ስደርስ ጥበቃው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ዘንድሮም መጣችሁ?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። በየዓመቱ እንደኔ ያሉ ልጆች ይመጣሉ፣ አንድ ሴሚስተር ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ሪፖርት ጽፈው ይሄዳሉ።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። «የማሽን ብልሽትን መቀነስ» የሚል ርዕስ ያዝኩ። ርዕሱን የሰጠኝ ፋብሪካው አልነበረም፤ ከኔ በፊት የነበረ ልጅ ሪፖርት ላይ ነው ያገኘሁት። አማካሪዬ አንድ ቀን መጣ። አቴንዳንሴን አየ፣ ፈረመ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ሦስተኛው መስመር ላይ የምትሰፋ አንዲት ሴት ነበረች። የምትቀመጠው የእንጨት ወንበር ላይ ነው። ከጨርቅ ቁርጥራጭ ትራስ ሰፍታ ወንበሩ ላይ በክር አስራዋለች። ፔዳሉ ላይ ደግሞ የታጠፈ ካርቶን ለጥፋበታለች። በየቀኑ በአጠገቧ አልፋለሁ፤ አይቼ አላየሁም። ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቅኳት። «ወገቤን ነው። ፔዳሉም ይርቀኛል። ወንበሩ ለኔ ቁመት አልተሰራም» አለችኝ። ከሷ አይተው ሌሎች ስድስት ሴቶችም እንደዚያው ሰርተው ነበር። ትራሱን ካሰረች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ወገቧን ለማሳረፍ መነሳት እንደቀነሰች ነገረችኝ። አለቃዋ ይህን አያውቅም። እኔም ሪፖርቴን ጨርሼ ስለነበር አልጨመርኩትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር ሲነሳ ሁሌም ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። ትስስር ስንል የለመድነው የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ችግሩ የፈራሚዎቹ ስንፍና አይመስለኝም። ጥያቄው ከየት ይምጣ የሚለውን ማንም አልወሰነም። ተማሪው ርዕስ ከቆየ ሪፖርት ይወስዳል፣ መምህሩ ለጆርናል የሚሆነውን ይመርጣል፣ ፋብሪካው ደግሞ እንግዳ እስኪሄድለት ይጠብቃል። መስመሩ ላይ ያለችውን ሴት የሚጠይቃት የለም። እኔ የምለው ጥያቄው ከሷ ይጀምር ነው።

ይህ የሆነበት ቦታ አለ። በስፔን ባስክ ግዛት ሞንድራጎን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1941 ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪዬታ የሚባሉ ወጣት ቄስ ተመድበው ወደዚያ ሄዱ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው፤ ሥራ የለም፣ ድህነቱ ከባድ ነው። ቄሱ የከተማውን ሰው አስተባብረው በ1943 ትንሽ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ አምስት ወጣቶች በ1956 ኡልጎር የሚባል የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ። ስሙ የተሰራው ከአምስቱ ስሞች ፊደላት ነው። በላምባ የሚሰራ ምድጃ ያመርቱ ጀመር። ፋብሪካው የሰራተኞቹ የጋራ ንብረት ሆነ፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ችግር አዲስ መፍትሔ እየወለደ ሄደ። ብድር ሲቸግራቸው በ1959 የራሳቸውን ባንክ አቋቋሙ። እንደ ባለቤት ስለሚቆጠሩ የመንግሥት የሰራተኛ መድን አልሸፈናቸውም፤ ስለዚህ የሕክምናና የጡረታ ሥርዓት ለራሳቸው ዘረጉ። ማኅበራዊ ፈጠራ የምንለው ይህንን ነው። አዲስ ማሽን አይደለም፤ ሰው አብሮ የሚሰራበትን መንገድ እንደገና ማበጀት ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን በ1966 ያቋቋሙት አሌኮፕ ነው። የተማሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ልጆቹ ግማሽ ቀን ይማሩ ነበር፣ ግማሽ ቀን ለሌሎቹ ፋብሪካዎች ዕቃ ያመርቱ ነበር፣ በሚከፈላቸውም ትምህርታቸውን ይችሉ ነበር። እስቲ አስቡት። በር ላይ ክላሴር ይዞ የሚቆም እንግዳ የለም። ደመወዝ የሚበላ፣ በስብሰባ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነው ያለው። ወገቡን ሲያመው ወንበሩ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቃል፤ ከሰዓት ክፍል ሲገባ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ለመምህሩ ይወስደዋል።

በ1997 ትምህርት ቤቶቹ ተጣምረው ሞንድራጎን ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እሱም ኅብረት ሥራ ነው። ጉባኤው ላይ ሰራተኞች፣ ተማሪዎችና ድርጅቶች አብረው ይቀመጣሉ። ፋብሪካው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ድምፅ አለው ማለት ነው። ሁሉም ሰምሮላቸዋል አልልም። ከኡልጎር የተገኘው ትልቁ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ፋብሪካ ፋጎር በ2013 ከስሯል። ያኔ ግን ብዙዎቹን ሰራተኞች እህት ማኅበራቱ ተቀበሏቸው። ሥርዓቱ የተፈተነው ያኔ ነው።

እኛ ስፔን አይደለንም፣ እንደነሱም እንሁን አልልም። ግን ከባዶ አንጀምርም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ሲከፈት ትምህርቱ ከማኅበረሰቡ ጋር እንዲሆን ታስቦ ነው የተጀመረው። የሕክምና፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ፣ የአካባቢውን ሰው ችግር ይሰማሉ፣ አብረው መፍትሔ ያቅዳሉ። ቀበሌ ላይ ይህን ካወቅንበት ፋብሪካ ላይ ምን ያቅተናል?

ቦታውም አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተመረቀ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተማ ነው። ፓርኩ ውስጥ አብዛኛው ሰራተኛ ከአካባቢው ገጠር የመጣች ወጣት ሴት ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሰሪዎችን ካማረሩት ነገሮች አንዱ ሰራተኛ ጥቂት ወር ሰርቶ መሄዱ ነበር። ሰራተኞቹ በበኩላቸው ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም ይሉ ነበር። ሴት ልጅ ለምን ሥራ ትለቃለች? ይህ የመሐንዲስ ብቻ ጥያቄ አይደለም። የሶሲዮሎጂ፣ የጤና፣ የሕግ፣ የሕፃናት እንክብካቤ ተማሪም ያስፈልገዋል። እኛ ግን ትስስር ሲባል የሚታየን ቱታ የለበሰ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው።

ለምሳሌ የአሰሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእናት የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ይሰጣል። ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሲያልቅ ልጁ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ጡት ይጠባል። እናት የት ታድርገው? ጎረቤት ትለምናለች፣ እህቷን ከገጠር ታስመጣለች፣ ሲያቅታት ሥራውን ትተወዋለች። ፋብሪካው ደግሞ ወራት ያሰለጠናትን እጅ አጥቶ እንደገና ማስታወቂያ ይለጥፋል። ከተለያየ ትምህርት ክፍል የተውጣጡ አምስት ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር እዚህ ጉዳይ ላይ ቢሰሩ አንድ የሕፃናት ማቆያ ክፍል ከነወጪውና ከነአሰራሩ አዘጋጅተው ያስረክባሉ። ቀጣዮቹ አምስት ያስኬዱታል። ሪፖርት ከሪፖርት መገልበጥ ይቀራል።

ማን ይክፈል የሚል ይኖራል። ፋብሪካው የልጆቹን ትራንስፖርትና ምሳ ይቻል፤ ሰራተኛ በወጣ ቁጥር ከሚያጣው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለመምህሩ የደረጃ ዕድገት ሲያስብ ከጆርናል ጽሑፉ ጎን ፋብሪካ ውስጥ የተለወጠውን ነገር ይቁጠርለት። አለበለዚያ አማካሪው ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ መሄዱን ይቀጥላል። እኔ በሱ አልፈርድም፤ የሚቆጠርለት ሌላ ነገር አልነበረም።

ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ከመመደባቸው በፊት አሰሪዎችና መምህራን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ርዕሶቹን ቢያወጡ ደስ ይለኛል። ስብሰባው ግን መስፊያ ማሽኖቹ ባሉበት ቤት ይሁን። መስመሩ ላይ የሚሰሩት ሴቶችም ወንበር ይሰጣቸው፣ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ።