ክብር ለፌስታል

የጃፓን መሐንዲስ ያሳዝነኛል። የመኪና መሪ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበች ጎማ መልበስ እንዳለበት ለመድረስ ስንት ዓመት ተማረ፣ ስንት ንድፍ ስሎ ቀደደ፣ ስንቷን ጎማ በብርድና በሙቀት ሲፈትን ከረመ። እኛ ያንኑ ሥራ በአንድ ጥቁር ፌስታልና በአንድ ክንድ ሽቦ እንጨርሰዋለን። ያውም ተኝተን።

ፌስታሉ የማንን ቦታ ተክቶ እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መሪ ሲዞር ከሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል አግድም የተጋደመ ጥርስ ያለው ዘንግ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። የዘንጉ ጫፍ ላይ በግራሶ የራሰች ኳስ መሳይ መገጣጠሚያ አለች፤ ጎማው ሲገፋም ሲሳብም ጭነቱ እሷ ላይ ነው። ያቺ የተሸበሸበች ላስቲክ ሁለቱንም ጠቅልላ ግራሶው እንዳይወጣ፣ አቧራና ጭቃ እንዳይገባ ትጠብቃለች። መለዋወጫ ሻጮች ‹ስቲሪንግ ቡት› ይሏታል። መካኒኬ ‹የመሪ ጎማ› ይላታል። ሰፈራችን ውስጥ ስም የላትም፤ ጎንበስ ብሎ ያያት የለማ። ስትቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራው ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይጨመርበታል። ኳሷ ትበላለች፣ ዘንጉ ይዝጋል፤ መሪው በዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ተፍቆ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ‹ኳ!› ነው።

ይህ እንግዲህ በሌላው አገር ነው። እኛ ጋ መኪና ኳ ሲል ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። ‹መንገዱ ነው።› እነዚህ ሁለት ቃላት ስንቱን ሰው ከጋራዥ ወጪ እንዳዳኑ የሚቆጥር ቢኖር ሐውልት ባቆመላቸው። ኮብልስቶን ላይ ኳ ካለ መንገዱ ነው። አስፋልት ላይ ኳ ካለ ኮብልስቶኑ ለምዶበት ነው። እንቁላል ቢንከባለልበት በማይሰበረው በአዲሱ የኮሪደር አስፋልት ላይ ኳ ካለ ደግሞ ሬዲዮ ይከፈታል። አንድ ወዳጄ ኳኳታው ሲብስበት ከኋላ ሁለት ስፒከር አስገጠመ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጤነኛ ነው።

ኳኳታው ከስፒከሩ ሲያይል ነው ወደ ሕክምና የሚኬደው። ይህ ደግሞ ጥበብ ነው፤ ማንም ከሜዳ ተነሥቶ አይሠራውም። አስቀድሞ የፌስታል ምርጫ አለ። የዳቦዋ ስስ ፌስታል አንድ ጉድጓድ አታሻግርም። የጫማ ቤቷ ባለ እጀታ ወፍራሟ ናት የምትፈለገው፤ ጥቁር ከሆነች ደግሞ ከግራሶው ጋር ትመሳሰላለች፣ ዓይን ውስጥ አትገባም። እሷ ሁለት ዙር ትጠመጠምና በላይዋ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ጎማ እየተሳበ ይጠመጠማል፤ ወጌሻ የተሰበረ እጅ እንደሚያስረው ማለት ነው። በመጨረሻ ሽቦው መጥቶ በፒንሳ ሦስቴ ይጠመዘዛል። ጫፉን ወደ ውጭ ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ፌስታሉን ራሱን ይወጋዋል። ካልሲ ያለበሰም ሰው አይቻለሁ፤ ግርማ ሞገስ ነበረው። ባለሙያው ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ የሚናገራት ቃል ሁልጊዜ አንዲት ናት፤ ‹ለጊዜው ነው።›

ሙያው ዘር አለው። ያለቀ ጎማ በረባሶ ሆኖ አገር ባቋረጠበት፣ ምናለሽ ተራ የዘይት በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ በሚወጣበት ምድር ፌስታል የመሪ ጎማ ቢሆን ምን ይገርማል? (በረባሶ እንኳ ‹ጫማ ነኝ› ይላል እንጂ ‹ለጊዜው ነኝ› ብሎ አያውቅም፤ ይሄን በቅንፍ ልለፈው።) የመሣሪያውም ታሪክ ቢሆን የሚያኮራ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ ክሪኩን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን፣ ቡሎንና ዳዶውን፣ ከመነዳሪውን ሳይቀር ከነስማቸው ማረክንበት። ፌስታሉን የጨመርነው ግን እኛው ነን።

ለዚህ ነው ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ ልቤ ድንግጥ ያለው። ሰው ሁሉ ስለ ተደፈነ ቱቦና ፌስታል ስለዋጡ ላሞች ያወራል። የአንድም መኪና መሪ ስም ሲነሣ አልሰማሁም። ገበያ ለመሄድስ ዘንቢል አለ። መሪ ላይ ዘንቢል አይጠመጠም!

ደግሞም ጊዜው የፌስታል ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከነጭራሹ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን ደጃችን የቆመችው ቪትዝ እንደ ዋልያ ናት፤ ካለቀች አለቀች። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ‹እንግዲያው እንንከባከባት፣ የመሪ ጎማዋን በጊዜ እንቀይርላት› ብሎ ይደናገጥ ነበር። እኛ አንደናገጥም፤ አንድ ዙር ፌስታል እንጨምራለን።

ዓመታዊው ምርመራ ሲደርስ ብቻ ፌስታሉ ለአንድ ቀን እረፍት ይወጣል። በዋዜማው የመኪናዋ ሆድ በናፍታ ይታጠባል፣ የተቀደደችው የመሪ ጎማ በማጣበቂያ ትያያዛለች፣ ደህና ጎማ ከጎረቤት፣ የእሳት ማጥፊያ ከአማች ይዋሳል። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ትገባለች። ቦሎው መስታወቱ ላይ በተለጠፈ ማግሥት ጎማው ወደ ጎረቤት፣ ማጥፊያው ወደ አማች፣ ፌስታሉም ወደ መሪው በሰላም ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ቅርስ እያለን በቅርቡ አንድ እሑድ እኔ ክህደት ፈጸምኩ። አዲስ ገዛሁ።

ሻጩ ራሱ አዘነብኝ። ‹ኦሪጅናሉን ነው ወይስ የሚሆነውን?› አለኝ። የሚሆነውን ገዛሁ። ጎማዋን ጫፍና ጫፏ ላይ አንቀው የሚይዙ ሁለት ፋሼታ፣ ትልቅና ትንሽ፣ መረቀልኝ። ከዚያ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ የጎማ ዳዶዎቹን ላላ አድርጌ፣ ክሪኩን ሰቅዬ፣ ክሪክ የሚታመን ነገር ስላልሆነ ከሥር መቆሚያ አስገብቼ፣ ጎማውን ነቀልኩ። ጎማው መሬት ሳይነካ ስድስት ወንዶች በዙሪያዬ ቆመዋል። የእድር ስብሰባ ላይ ስንት እሑድ ያልሞላው ኮረም በአንዲት ክሪክ ሞላ።

‹ልጄ፣ ምን ሆነችብህ?› አሉ የጥበቃው አባባ።

‹የመሪ ጎማ ልቀይር ነው አባባ።›

‹ታስራ አይደለም እንዴ? ምን አጎደለች?› አሉኝ የሁለተኛ ፎቁ ጋሼ። ጎንበስ ብለው አዩና ፌስታሉን በአክብሮት ነካ ነካ አደረጉት። ‹ይሄን ያሰረ ሰው እጁ ይባረክ።›

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሰው ካልበዛበት። ከኳሷ ወደ ጎማው የሚዘልቀው ቀጭን ዘንግ ጫፉ ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር በአንድ ዳዶ ይያያዛል፤ አዲሷ የመሪ ጎማ የምትገባው ይህ ጫፍ ሲወጣ ነው፤ ዳዶውን የምትቆልፈው ሹካ መሳይ ሽቦ ትመዘዛለች፣ ዳዶው ይፈታል። ከዚያ አልወጣ ይላል። ባለ ባጃጁ ‹ከታች ወደ ላይ በለው!› ብሎ መዶሻውን ሊቀማኝ ደረሰ። ከታች ከተመታ የቡሎኑ ጥርስ ይተኛል፣ ዳዶም አይገባበትም። የተሸከመውን ብረት ከጎኑ ሁለቴ ስለው ‹ቷ› ብሎ ለቀቀ። ባለ ባጃጁ በእሱ ምክር እንደ ወጣ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳ።

ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጫፉ ከዘንጉ ላይ እየተሽከረከረ ሲወጣ ስንት ዙር እንደ ወጣ መቆጠር አለበት፤ በዚያው ልክ ካልተመለሰ የፊት ጎማዎቹ አንዱ ወደ ቦሌ፣ አንዱ ወደ መርካቶ ማየት ይጀምራሉ። ለጥንቃቄም ከልጄ ቦርሳ በሰረቅኩት ኮሬክተር ጥርሱ ላይ ነጭ ምልክት አድርጌያለሁ። ማዞር ጀመርኩ።

‹አሥራ ሁለት… አሥራ ሦስት… አሥራ አራት…›

‹ለመሆኑ ስንት ገዛኸው?› አሉ ጋሼ።

‹ስምንት መቶ ሃምሳ።›

‹ስምንት መቶ ሃምሳ! በስምንት መቶ ሃምሳ ብርማ…›

ቁጥሩ ጠፋ። ግድ የለም፣ ኮሬክተሩ አለ ብዬ ዞር ብል አንድ ቅን ጎረቤቴ በናፍታ የራሰ ጨርቅ ይዞ ዘንጉን እንደ መስታወት አጽድቶልኛል። ‹ነጭ ቆሻሻ ነበረበት› አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ላድርግ።

ፌስታሉን መፍታት ደግሞ ቁፋሮ ነበር። ጥቁሩ ተነሣ፤ ከሥሩ ከመነዳሪ፤ ከከመነዳሪው ሥር ሌላ ሮዝ ፌስታል፤ እሱ ላይ ‹እንኳን ለ2011 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ› የሚል ጽሑፍ ከአንዲት አበባ ጋር። መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው ‹ትንሽ ለጊዜው ታስራለች› ብሎኝ ነበር፤ አልዋሸኝም፣ ጊዜውን አልነገረኝም እንጂ። ከሮዙ ሥር ያቺ የመጀመሪያዋ ጎማ ከወገቧ ለሁለት ተከፍላ ተገኘች። ግራሶ መሆን የነበረበት ነገር ጥቁር የአሸዋ ገንፎ ሆኗል፤ በጣቴ ሳሸው ጥርስ ሥር እንደ ገባ ጠጠር ‹ቅር ቅር› ይላል። ተመልካቹ በሙሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ለአፍታ ዝም አሉ። የሰበሰብኩት ሰው ትምህርት የወሰደ መሰለኝ።

‹ያኔ የሚመጣው ፌስታል ጠንካራ ነበር› አሉ የጥበቃው አባባ።

አሸዋውን ጠራርጌ፣ ኳሷን አዲስ ግራሶ አልብሼ፣ አዲሷን ጎማ አስገባሁ። ትልቁን ፋሼታ ከውስጥ፣ ትንሿን ከውጭ፣ ሽብሽቧ እንዳይጠማዘዝ እያየሁ አጠበቅኩ። ቁጭ አለች። ጥቁር፣ ወዛም፣ እጥፋቷ የተስተካከለ። ስድስት ሰው ቆሞ አንድ ሰው እንኳ ‹እሰይ› አላለም፤ ባለ ባጃጁ ብቻ ‹እስቲ ክረምት ትለፍ› አለ።

ጫፉን ወደ ቦታው የመመለስ ጊዜ ሲደርስ ጉባኤው ሥራውን ጀመረ። ባለ ባጃጁ አሥራ አራት ነበር አለ። ምልክቴን ያጸዳው ጎረቤቴ በደንብ እንደቆጠረና አሥራ ዘጠኝ እንደነበር ማለ። ጋሼ በዕድሜ ሰብሳቢ ስለሆኑ ‹መሃሉ ይወሰድ› አሉ፤ አሥራ ስድስት ዙር ተብሎ በስድስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ አለፈ። ተቃዋሚው ባለ መኪናው ነበር።

ጎማው ገባ፣ ክሪኩ ወረደ። በግቢው አንድ ዙር ስነዳት ቀጥ ብላ እንድትሄድ መሪውን ወደ ግራ አዘንብዬ መያዝ ነበረብኝ። የጎማ ማስተካከያ ቤቱ እሑድ ዝግ ነው። ባለ ባጃጁ መፍትሔ አላጣም፤ ‹መሪውን ከላይ ነቅለን ቀጥ አድርገን እንግጠማት› አለ።

‹ጎማዎቹስ?›

‹ጎማ ታች ነው፤ ማን ያየዋል?›

ጋሼ ሮዙን ፌስታል አራግፈው፣ አራት እጥፍ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ‹ጥሩ ፌስታል ነው› አሉ ለራሳቸው።

እኔም ሰኞ አስተካክላታለሁ ብዬ ለጊዜው እንዲሁ ተውኳት። ሦስተኛው ሰኞ ላይ ባለቤቴን ወደ ሥራዋ ሳደርሳት፣ ከአጠገቤ ሆና ወደ ግራ የዞረውን መሪና ቀጥ ያለውን አስፋልት እየተፈራረቀች ስታይ ቆየች።

‹ምንድነው የጠመመው?› አለችኝ።

‹መንገዱ ነው› አልኳት፤ ሬዲዮውንም ከፍ አደረግኩት።