ጋቢ የሸፈነው ደረት

በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ፣ አራስ ያለችበት ቤት ሲገባ ቀድሞ የሚታየው ሕፃኑ ሳይሆን ጋቢው ነው። ልጁ ከአናቱ እስከ እግሩ ተጠቅልሏል፤ መስኮቱ ብርድ እንዳይገባ ተዘግቷል፤ ከሰሉ ላይ ጀበና ተጥዷል፤ ዕጣን ይጨሳል። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ ቤት ሕፃኑ በስስ ልብስ፣ በጀርባው፣ ትራስና ብርድ ልብስ በሌለበት አልጋ ላይ ለብቻው ተኝቶ ይገኛል። እዚያ እናቲቱ ብቻዋን ናት፤ አያት የለ፣ ጎረቤት የለ። እዚህ ጠያቂው ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓይን ግን አንዱም ደረቱን አያይም። የሕፃን ትንፋሽ ችግር የሚታየው ደግሞ ደረቱና ሆዱ ላይ ነው።

እዚያ ሀገር ልጅ የሚተርፈው በማሽን ነው የሚለው አባባል ያሳዝነኛል። ትንፋሽ ቆጥሮ የሳንባ ምችን (ኒሞኒያን) መለየት የተጠናው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፓፑዋ ኒው ጊኒ ነው፤ ራጅ በማይገኝበት ቦታ እንዲያገለግል። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህንኑ ተምረዋል። የቀረው ወደ ቤት መግባቱ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ በተለይ እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ልብሱን ገልጦ ሆዱ በተነሳ ቁጥር አንድ እያሉ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ ጨቅላ ለ5 ወይም ለ10 ሴኮንድ ቆም ብሎ እንደገና ፈጠን ማለቱ የተለመደ ነውና። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውም ያው ከሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት መስፈርቱ 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ነው። ትንፋሹ ከ20 ሴኮንድ በላይ ከቆመ፣ ወይም ባጭሩም ቢሆን ቆሞ መልኩ ከተለወጠ፣ የቁጥር ጊዜ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

ቁጥሩ ደህና ሆኖም ልጁ ሊታመም ይችላል። አየር ሲያስገባ የታችኛው ጎድኑ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሳንባው አልታዘዝ ብሎት እየታገለ ነው። አፍንጫው ይርገበገባል፤ ጭንቅላቱ ከትንፋሹ ጋር ይነቀነቃል። ትንፋሽ ሲያወጣ «እህ፣ እህ» ማለቱን ብዙዎች የሆድ ቁርጠት ያደርጉታል፤ በእርግጥ ግን ሳንባው እንዳይኮማተር ጉሮሮውን ጠበብ አድርጎ አየር እያስቀረ ነው። መልኩን ከቆዳው ይልቅ ምላሱና ድዱ ላይ ማየት ይሻላል፤ መጠቆር ወይም ሰማያዊ መሆን የኦክስጅን እጥረት ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ልጅ ሳያስልና ሳያተኩስ ሊታመም ይችላል፤ ጡት እምቢ ካለ፣ ከደከመ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ያ ብቻውን ወደ ሐኪም ለመውሰድ ይበቃል።

አንድ ቃል ደግሞ ያሳስተናል። ሐኪሙ «የሳንባ ምች» ሲል አያት የሚሰሙት ያንን ፀሐይና ሽታ የሚያመጣውን ምች ነው፤ መድኃኒቱም ዳማከሴ ይሆናል። የአያትን ፍቅር አላቃልልም። ሆኖም በአፍንጫ የተጨመቀ ቅጠል የልጁን ጠባብ የአየር መንገድ ይዘጋል፤ ቅቤ ማዋጥ ዘይቱን ሳንባ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል። አፍንጫው ከተዘጋ ንጹሕ የጨው ውሃ ጠብታ በቂ ነው። የከሰሉ ነገር ከሁሉ ይብሳል፤ በተዘጋ ክፍል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም።

እኛስ ከውጭ የምንመጣው? ሻንጣችን ውስጥ የሳል ሽሮፕ አለ፤ ያው ሀገር ግን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ ይላል። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያም እንልካለን፤ ለአዋቂ ጣት የተሠራ ስለሆነ በጨቅላ ጣት ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ጤነኛውም ሰው ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። በቪዲዮ ስንደውልም «ፊቱን አሳዩኝ» እንላለን። «ሆዱን ገልጣችሁ አሳዩኝ» ብንል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቆጥረን እንጨርስ ነበር።

ጤና ጣቢያ አሞክሲሲሊን ከታዘዘ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ልጁ በሁለተኛው ቀን ፈገግ ሲል ቀሪው ለታናሽ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይቀመጣል። የታዘዘው 5 ቀን ከሆነ 5 ቀን ነው። ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ ግን በቤት ውስጥ መድኃኒት መሞከር አይገባም።

ሕፃኑ ትን ብሎት ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ ክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት፤ ገልብጦ ደረቱ መሃል 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ እያፈራረቁ መቀጠል። የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ከሆነ ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አስተኝቶ ደረቱን በሁለት እጅ አቅፎ በሁለት አውራ ጣት፣ ወይም በአንድ መዳፍ ታችኛ ክፍል፣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል 30 ጊዜ መጫን፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ቀጥሎ አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍ ከድኖ ደረቱ እስኪነሳ ብቻ 2 ጊዜ መተንፈስ፤ እንደገና 30።

ሌላው ሰው ለአምቡላንስ 907 ወይም 939 ይደውል። በዋሽንግተን ዙሪያ ስልኩን ያነሳው ሰው አምቡላንሱ እስኪደርስ አጫጫኑን እየነገረ ይቆያል፤ እዚህ አምቡላንሱ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ለመድረስ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ የሚተነፍስ ልጅ በቀረበው ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ይወሰድ። እናቱ ደረቷ ላይ ቀና አድርጋ ትያዘው፤ ትንፋሽ ካጠረው በግድ አታጥባው። ጋቢው ከአንገቱ በታች ይሁን።