ካፒቴኑ ለምን ዝም አለ?

አውሮፕላን ችግር ገጥሞት ተመልሶ ባረፈ ቁጥር የተሳፋሪው ቅሬታ ያው ነው፦ «ካፒቴኑ ምንም አላለንም!» ተንታኙም ይከተልና «ለበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ያሳወቁት ዘግይተው ነው» ይላል። ሁለቱም የሥራውን ተራ ገልብጠውታል። አብራሪ በመጀመሪያ አውሮፕላኑን ያበርራል፣ ቀጥሎ አቅጣጫውን ይይዛል፣ ንግግር ከዚያ በኋላ ነው።

በ35,000 ጫማ ከፍታ የካቢኑ የአየር ግፊት ድንገት ቢጠፋ፣ ያለ ኦክስጅን አስቦ መሥራት የሚቻለው ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ጭንብሉን ሳያጠልቅ ማይክሮፎን ያነሳ ካፒቴን የጀመረውን ንግግር ላይጨርስ ይችላል። ስለዚህ ካፒቴኑና ረዳት አብራሪው መጀመሪያ ጭንብል ያጠልቃሉ፤ እርስ በርስ መሰማማታቸውን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ወደ 10,000 ጫማ በፍጥነት ይወርዳሉ። (ከሰሜን ተራሮች በላይ ከሆኑ ግን ይህ አይሠራም፤ ራስ ዳሽን ብቻውን 15,000 ጫማ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።) በብዙ አውሮፕላኖች የተሳፋሪው ኦክስጅን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ነው የሚቆየው። «ወደቅን» የሚያሰኘው ቁልቁለትም ከዚህ ሰዓት ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ማያሚ አጠገብ የወደቀው የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን የአደጋው መነሻ የፊት ጎማን ሁኔታ የምታሳይ አንዲት የተቃጠለች አምፖል ነበረች። ሠራተኞቹ በሙሉ እሷ ላይ ተረባረቡ። ከፍታ የሚጠብቀው አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበርረው መሣሪያ) ሲለቅ ያስተዋለ አልነበረም፤ አውሮፕላኑ ከ2,000 ጫማ ቀስ በቀስ ወርዶ ረግረግ ላይ ተከሰከሰ፤ 101 ሰው ሞተ። ከማማው ጋር ግን እስከ መጨረሻው ይነጋገሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ላይ ዝይዎች የተሳፋሪ አውሮፕላናቸውን ሁለቱንም ሞተሮች ሲያበላሹባቸው ካፒቴን ሰለንበርገር ያደረጉት ሌላ ነው። ቼክሊስቱ (በችግር ጊዜ የሚሠራውን በተራ የሚዘረዝረው ጽሑፍ) ወደ ታች ያስቀመጠውን ረዳት የኃይል ማመንጫ ወዲያው አስነሱ፣ መሪውን ተረከቡ፣ የአደጋ ጥሪውን «ሜይዴይ» ያሉት ከ20 ሰከንድ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ተሳፋሪው የሰማው ሃድሰን ወንዝ ላይ ሊያርፉ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀር «ለግጭት ተዘጋጁ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነበር። 155ቱም ተረፉ።

ቅሬታ የሚገባበት ጊዜም አለ። አውሮፕላኑ ከተረጋጋ በኋላ ካፒቴኑ ለአስተናጋጆች ኃላፊ አራት ነገር መንገር አለበት፤ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚያርፉ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረ፣ የተለየ ዝግጅት ካስፈለገም እሱን። ጊዜ ተርፎ ሳለ ከዚህ አንዱም ለተሳፋሪው ካልደረሰው ያኔ ይቆጣ፤ እውነት አለው።